ሞተሩ ውሃ የሚጠጣው ለምንድን ነው?

አዳማ ላይ ለአሽከርካሪዎች፣ ለመኪና ባለቤቶችና ለጋራዥ ሠራተኞች የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ

እንደምን አደራችሁ።

ማለዳ መናኸሪያ አካባቢ የቆመ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያያል። ረዳቱ ኮፈኑን ይከፍታል፣ የራዲያተሩን ክዳን ያነሳል፣ ከጀሪካን ውሃ ይሞላል፣ ይዘጋል፤ ጉዞ ይጀመራል። በማግስቱም እንደዚያው። ሾፌሩን ብትጠይቁት "ዘይትና ውሃ አይቼ ነው የወጣሁት" ይላችኋል፤ በልቡም መኪናውን የተንከባከበ ይመስለዋል። ዛሬ የምንነግራችሁ ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፦ ጤነኛ ሞተር ውሃ አይጠጣም። የማቀዝቀዣው ሥርዓት ዝግ ነው፤ ሲሞቅ የተነፋው ፈሳሽ ወደ ማጠራቀሚያው ጠርሙስ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይገባል። በየቀኑ ግማሽ ሊትር የሚጨመርበት መኪና በየቀኑ ግማሽ ሊትር የሆነ ቦታ ያፈሳል፣ ወይም ከነዳጁ ጋር ያቃጥላል። የምንጨምረው ውሃም ቀዳዳውን አይደፍንም። ያለውን ኩላንት፣ ማለትም ከውሃ ጋር የሚቀላቀለውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ያቀጥነዋል፣ አዲስ ማዕድን ያስገባል፣ ችግሩን ደግሞ ቴስታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ተበላሽቶ እስኪወርድ ድረስ ይደብቃል።

"እዚህ አገር በረዶ የለም፤ አንቲፍሪዝ ምን ይሠራልኛል?" ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አንቲፍሪዝ የኩላንት ሌላ ስሙ ነው፣ "ፀረ በረዶ" ማለት ስለሆነም ስሙ ራሱ ሰውን ያሳስታል። መልሱ ያለው ከተማችን በተቀመጠችበት ከፍታ ላይ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን የተማርነው ለባሕር ጠለል ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ ትክክል ነው። ሽቅብ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃውም ቀድሞ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አዳማ 1,600 ሜትር ግድም ላይ ስላለች እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። አዲስ አበባና አሰላ ላይ 92 ግድም ነው። አሁን ይህን ከሞተሩ ጋር አስተያዩት። በብዙ የቶዮታ መኪኖች ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር፣ መከፈት የሚጀምረው ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው ውስጥ ሲሆን በደንብ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው። የኤሌክትሪክ ፋኑም ብዙውን ጊዜ የሚነሳው 90 ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ምንም ሳይጎድለው በሚሠራበት ሙቀት ላይ፣ ክዳኑ የማይዝ ራዲያተር ውስጥ ያለ ንጹሕ ውሃ አዳማ ላይ ሊፈላ ደርሷል።

ታዲያ ለምን አይፈላም? ክዳኑ አፍኖ ስለያዘው ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ የሚይዘው ግፊት ነው፣ ባር በሚባለው የግፊት መለኪያ ግድም። 1.1 የሚል ጤነኛ ክዳን የገጠመ ራዲያተር አዳማ ላይ ንጹሕ ውሃን እስከ 119 ዲግሪ ገደማ ሳያፈላ ይይዛል። ውሃው ላይ ግማሽ በግማሽ ኩላንት ስትጨምሩበት ደግሞ ሌላ 7 ወይም 8 ዲግሪ ታተርፋላችሁ። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ሰውና ዕቃ ጭኖ ከዴራ በኢተያ ወደ አሰላ ለሚወጣ መኪና፣ ወይም ከመተሐራ ቆላ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ ለሚወጣ የጭነት መኪና፣ እነዚህ ዲግሪዎች ናቸው የሞተሩን ዕድሜ የሚወስኑት። በረዶ ባይኖርም ኩላንት የሚያስፈልገን የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ነው። ሁለተኛው ዝገት ነው፤ ወደሱ እንመለሳለን።

ክዳኑ ከሁሉም ክፍሎች ርካሹ ሆኖ ሳለ ከሁሉም ያነሰ ትኩረት ስለሚሰጠው በእሱ እንጀምር። እጃችን ላይ ያለውን ተመልከቱ። ከታች ሰፊው የጎማ ቀለበት አለ፤ ከላዩ ጠንካራ ሞላ ይጫነዋል። ጎማው ላይ ክብ ጠባሳ ይታያችኋል፤ የራዲያተሩ አፍ የነከሰው ነው። ጥልቀት ካለው፣ ከጠነከረ ወይም በጥፍር ስትነኩት ከተሰነጠቀ ክዳኑ ሥራውን ጨርሷል። መሃል ላይ ደግሞ ሳንቲም የምታህል ትንሽ ቫልቭ አለች። በጥፍራችሁ ሳብ አድርጋችሁ ስትለቋት ቶሎ መመለስ አለባት። ይህቺ የመምጫ በር ናት፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከማጠራቀሚያው ጠርሙስ ፈሳሽ የሚመለሰው በእሷ ነው። ከተጣበቀች የላይኛው ጎማ ቱቦ ጠዋት ጠዋት ተጨምድዶና ተጣብቆ ይገኛል፤ ጠርሙሱ ሙሉ ሆኖ ራዲያተሩ ይጎድላል። ጠርሙሱን ብቻ አይቶ "ሙሉ ነው" ብሎ የወጣ ሾፌር የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። መፈተሻ ፓምፕ ያለው ጋራዥ ክዳኑን አስገጥሞ ይለካዋል፤ ለ1.1 ክዳን ከ0.8 ባር በታች የሚለቅ ከሆነ ይጣላል። ስትቀይሩ ያንኑ ቁጥር ግዙ። ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ክዳን ለሙቀት መድኃኒት አይደለም፤ የራዲያተሩን የፕላስቲክ ጆሮና የሂተሩን ቱቦ ያፈነዳል።

አሁን ፈሳሹን እንይ። ኩላንት የሚመረመረው ማለዳ፣ መኪናው ሳይነሳ ነው። የላይኛውን ቱቦ በእጅ ጨብጡት፤ ቀዝቃዛና ልል መሆኑን ሳታረጋግጡ ክዳን አትንኩ። ናሙናውን ከጠርሙሱ ሳይሆን ከራዲያተሩ አፍ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ቅዱ፤ የጠርሙሱ ውሃ ሞተሩ ውስጥ ያለውን ላያሳይ ይችላል። አንድ መቶ ሚሊ ሊትር ያህሉን ውስጡ በሚታይ የመስታወት ማሰሮ ጨምሩና ግማሽ ሰዓት ሳትነኩት አስቀምጡት።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ማሰሮዎች አሉ። የመጀመሪያው ቀይ ነው፣ ከኋላው ነጭ ወረቀት ስናደርግበት ጽሑፉ ይነበባል። ታቹ ንጹሕ ነው፤ ጤነኛ ኩላንት ይህን ይመስላል። ሁለተኛው ቀጭን ሻይ ይመስላል፤ ሲረጋ ታች ላይ እንደ ቀይ አፈር ያለ ደቃቅ ተቀምጧል። ይህ ዝገት ነው። ባዶ ውሃ ወይም መከላከያው ያለቀ ኩላንት የሞተሩን ብረት እየበላ ያወጣው ነው። ይህን ፈሳሽ ጣታችሁ መሃል ብታሹት ይኮረኩራል፤ የውሃ ፓምፑን ማሸጊያ (ሲል) ቀን ከሌት የሚፈገፍገውም ይኸው ደቃቅ ነው። ሦስተኛው ማሰሮ ላይ ከላይ የዘይት ዓይን ይንሳፈፋል፤ ከፈሳሹ ጋር ተዋሕዶም እንደ ማኪያቶ ደፍርሷል። እዚህ ዘይት ገብቷል። የሞተር ዘይት ከሆነ በቴስታው ጋስኬት፣ ጓርኒሲዮን በምንለው፣ ወይም በዘይት ማቀዝቀዣው በኩል ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ከሆነ ግን ቴስታ ከማውረዳችሁ በፊት ራዲያተሩ ውስጥ ያለውን የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ተጠራጠሩ። ፈሳሹ ወደ ሮዝ የሚያደላ አረፋ ከሆነ እሱ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውሃው ወደ ካምቢዮም ስለሚገባ መኪናው እስኪጠገን መነዳት የለበትም። ስንቱ ቴስታ በከንቱ ወርዷል፤ ናሙና ማየት ደግሞ ምንም አያስወጣም።

በዓይን የማይታየው የኩላንቱ መጠን ነው። ቀለም አያሳይም፤ አንድ አራተኛ ኩላንት ያለበት ውሃም ደማቅ ቀይ ሊመስል ይችላል። ሬፍራክቶሜትር የሚባለው ትንሽ መሣሪያ ሁለት ጠብታ ይበቃዋል። የሚያነበው ፈሳሹ በረዶ የሚሆንበትን ነጥብ ስለሆነ ለእኛ ትርጉሙን መቀየር አለብን፦ ብዙው ኩላንት በሚሠራበት በኤትሊን ግላይኮል ከዜሮ በታች 37 የሚል ንባብ ግማሽ በግማሽ ማለት ነው፣ ከዜሮ በታች 18 ካነበበ አንድ ሦስተኛ ግድም፣ ከዜሮ በታች 12 ካነበበ አንድ አራተኛ። ከአንድ ሦስተኛ በታች ሲወርድ የዝገት መከላከያው አብሮ ስለሚቀጥን መቀየር አለበት። "ሲበዛ ይሻላል" ብላችሁ ደግሞ ንጹሑን ኩላንት ብቻ አትሙሉ። ግላይኮል ሙቀት በመሸከም ከውሃ ያንሳል፤ ከ70 በመቶ ሲያልፍ ሞተሩን ማሞቅ ይጀምራል። የመፈተሻ ወረቀት ያላቸው ጋራዦች ፒኤቹን ይዩ፤ ከ7 በታች ከወረደ ፈሳሹ አሲድ ሆኗል፣ አሉሚኒየም እየበላ ነው።

ወረቀት ከሌላችሁ ሁሉም ጋራዥ ባለው መልቲሜትር የሚሠራ ዘዴ አለ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ መለኪያውን በዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ። ጥቁሩን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን ራዲያተሩ አፍ ፈሳሹ ውስጥ አስገቡ፤ ብረቱን እንዳይነካ። ከ0.3 ቮልት በታች ጥሩ ነው። ከ0.5 ካለፈ ፈሳሹ ራሱ ትንሽ ባትሪ ሆኗል፤ ብረትና አሉሚኒየም እርስ በርስ እየተበላሉ ነው ማለት ነው። ሞተሩን አስነስታችሁ መብራትና ፋን ስታበሩ ቁጥሩ ዘሎ ከጨመረ ግን ጥፋቱ የፈሳሹ አይደለም፤ የሞተሩ የግራውንድ ሽቦ ላልቷል ወይም ዝጓል። እሱ ሳይጠገን አዲስ ኩላንት መሙላት ገንዘብ መጣል ነው።

ስለ ውሃው ትንሽ ዘርዘር አድርገን እንናገር፣ እዚህ አካባቢ ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ። በስምጥ ሸለቆ ነው ያለነው። የጉድጓድ ውሃችን የሟሟ ማዕድን እንደሚበዛበት ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ፍሎራይዱ የልጆችን ጥርስ ያጠቆረባቸው ቀበሌዎች ሩቅ አይደሉም። ራዲያተርን የሚጎዱት ሌሎቹ ናቸው። ካልሲየምና ማግኒዚየም ሲሞቁ ይጋገራሉ፣ ክሎራይድ ደግሞ አሉሚኒየምን ይበሳል። ውሃ ደጋግማችሁ ያፈላችሁበትን ማንቆርቆሪያ ውስጡን እዩት፤ ግድግዳው ላይ የተጋገረው ነጭ ቅርፊት ሞተሩ ውስጥም በጣም ሞቃቱ ቦታ ላይ፣ ቴስታው ውስጥ፣ ይጋገራል። ቅርፊቱ ሙቀት በደንብ አያሳልፍም። ራዲያተሩ ውስጥ ደግሞ ቱቦዎቹ ጠባብ ናቸው፤ አንዴ ከተጋገሩ ውሃ ማሳለፍ ያቆማሉ። በየቀኑ ግማሽ ሊትር የሚጨምር ሰው በወር 15 ሊትር ውሃ ከነማዕድኑ ያስገባል፤ ውሃው ይተንና ማዕድኑ ይቀራል። ለዚህ ነው ከኩላንት ጋር ዲስትልድ ውሃ፣ ማለትም ማዕድኑ የወጣለት ውሃ፣ የምንለው። ባትሪ የሚሸጡ ቤቶች አላቸው። አደራ የምንለው አንድ ነገር አለ፦ የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ዕቃ ይሸጣል። መለያውን አንብቡ፣ ሻጩን ጠይቁ። በቁርጥ ቀን፣ መንገድ ላይ፣ ያገኛችሁትን ንጹሕ ውሃ ጨምሩ፤ ሞተር ከሚቃጠል ይሻላል። ከተማ ስትገቡ ግን ይቀየር።

ቀለምን በተመለከተ ገበያው ላይ ብዙ ስሕተት አለ። አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ ቀለሞች አምራቹ የጨመራቸው ማቅለሚያዎች ናቸው፤ ለሁሉም የሚሠራ ሕግ የለም። የሚለያያቸው ውስጣቸው ያለው የዝገት መከላከያ ነው። የድሮው አረንጓዴ አብዛኛውን ጊዜ ሲሊኬት ያለበት ሆኖ በሁለት ዓመት ገደማ ይዳከማል። ኦርጋኒክ አሲድ ያላቸው አዳዲሶቹ እስከ 5 ዓመት ይቆያሉ። የቶዮታ ሮዙ ተበርዞ የሚመጣ ሆኖ ረዘም ይቆያል፤ ቀዩ ግን ቶሎ ይቀየራል፣ ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። የማይስማሙ ሁለት ዓይነቶች ሲቀላቀሉ መከላከያው ይዳከማል፤ አንዳንዴም እንደ ጄል ይረጋና ጠባቡን ቱቦ ይደፍናል። ምን እንዳለበት የማታውቁት መኪና ስትገዙ፣ ገበያ ላይ ያለው ብዙው መኪና ደግሞ ያገለገለ ነው፣ መጨመር ትታችሁ ሙሉ በሙሉ አጥባችሁ ቀይሩት። በጀሪካኑ ላይ "የተበረዘ" ይሁን "ኮንሰንትሬት" መሆኑንም እዩ። የተበረዘውን እንደገና ግማሽ በግማሽ የበረዘ ሰው 25 በመቶ ይዞ ነው የሚሄደው።

የጅቡቲን መስመር ለምትሠሩ የጭነት መኪና ሾፌሮች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እርጥብ ላይነር ያላቸው የናፍጣ ሞተሮች ላይ፣ ማለትም ውሃው በቀጥታ የሲሊንደሩን እጅጌ ውጪውን በሚነካባቸው ላይ፣ ፒስተኑ በመታ ቁጥር ላይነሩ ይንቀጠቀጣል። በዚያ መንቀጥቀጥ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠሩና ወዲያው ይፈርሳሉ፤ ሲፈርሱ እንደ መዶሻ ብረቱን ይመታሉ። ውሎ አድሮ ላይነሩ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስሉ ቀዳዳዎች ይታያሉ፣ ውሃው ወደ ዘይት ይገባል። ይህን የሚከላከለው ለከባድ ናፍጣ ሞተር የተዘጋጀ ኩላንት ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ነው፤ በብዙዎቹ ናይትራይት ይባላል። ለቤት መኪና የተሸጠ ኩላንት ይህን ላይኖረው ይችላል። ባዶ ውሃማ ጭራሽ የለውም።

ከፈሳሹ ወደ ውጪ እንውጣ። አዳማ የነፋስ ከተማ ናት፤ በኮረብታዎቹ ላይ የኃይል ማመንጫ ተርባይኖች የተተከሉት ለዚህ ነው። ያው ነፋስ አቧራና ገለባ አምጥቶ በራዲያተሩና ከፊቱ ባለው የኤሲ ኮንደንሰር መካከል ይከትታል። ከፊት ስታዩት ኮንደንሰሩ ንጹሕ ይመስላል፤ በባትሪ መብራት በመካከላቸው ስትመለከቱ ግን የተጠረቀመ ጭድ፣ ላስቲክና የሞተ ነፍሳት ታያላችሁ። ላቫጆ ሲታጠብ ብዙ ጊዜ ከፊት በኃይለኛ ግፊት ይረጫል፤ ይህ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ስሱዎቹን የአሉሚኒየም ክንፎችም ያጥፋቸዋል። መታጠብ ያለበት ከሞተሩ በኩል ወደ ውጪ፣ በለሰለሰ ውሃ ነው። ክንፎቹን በጣት ነካ ስታደርጓቸው እንደ ዱቄት ከረገፉ ራዲያተሩ ከውጪም አልቋል።

ፋኑን እዩ። የኤሌክትሪክ ፋን ከሆነ ሞተሩን ቆሞ አስነስታችሁ እስኪነሳ ጠብቁ፤ ኤሲ ስታበሩም መነሳት አለበት። በቺንጋ የሚዞር ባለ ቪስኮስ ክላች፣ ማለትም በወፍራም ፈሳሽ የሚያያዝ፣ ከሆነ፣ ብዙ የናፍጣ ሃይሶች ላይ እንዳለው፣ ሞተሩ ሞቆ እንደጠፋ በእጅ አዙሩት። ወፍራም ማር ውስጥ እንደሚዞር ነገር መክበድ አለበት፤ ተገፍቶ ብዙ ዙር ብቻውን ከሮጠ ክላቹ ውስጥ ያለው ሲሊኮን አልቋል። በፋኑ ዙሪያ ያለው የፕላስቲክ መከለያም ለጌጥ የተሠራ አይደለም። ፋኑ አየሩን ከራዲያተሩ ስፋት ሁሉ የሚስበው በእሱ ነው። ጥገና ላይ አውልቀውት ሳይመልሱት የቀረ መኪና ከተማ ውስጥ ሲንቀራፈፍ ይሞቃል፣ መንገድ ላይ ሲሮጥ ይቀዘቅዛል። ይህ ምልክት ብዙውን ጊዜ ወደ ፋኑ ይጠቁማል። ተቃራኒው፣ ማለትም ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ የፍጥነት መንገዱ ላይ ወይም ዳገት ላይ የሚሞቅ ከሆነ፣ የተደፈነ ራዲያተርን፣ የተበላ ፓምፕን ወይም የሚጨመደድ የታችኛውን ቱቦ ፈልጉ።

ቱቦዎቹን ጨምቁ። ጤነኛው እንደ ወጣት ክንድ ጠንከር ብሎ ይለጠጣል። ሲጨመቅ ከተንኮሻኮሸ ውስጡ ደርቋል፤ እንደ ሊጥ ከለሰለሰ ዘይት በልቶታል፤ ማሰሪያው አጠገብ ካበጠ ሊፈነዳ ነው። የታችኛው ቱቦ ውስጥ በአንዳንድ መኪኖች ጥምዝ ሽቦ አለ፤ ፓምፑ ሲስብ እንዳይጣበቅ ነው። ሽቦው ዝጎ ካለቀ ሞተሩን ሬስ ስታደርጉ ቱቦው ሲጣበቅ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

የውሃ ፓምፑ ከመሞቱ በፊት ይናገራል። ከአክሱሉ በታች ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ማሸጊያው ሲያልቅ ውሃው በእሷ ይወጣል። ሮዝ ወይም ነጭ የደረቀ ጨው በቀዳዳው ዙሪያ ካያችሁ ፓምፑን ቀይሩ፤ ቀዳዳውን በማጣበቂያ መድፈን ውሃውን ወደ ኩሽኔቱ መላክ ነው። ቺንጋው ረጅሙ ክፍል ላይ በአውራ ጣት ስትጫኑት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርገብ። ፓምፑ የሚዞረው በታይሚንግ ቺንጋ ከሆነ ቺንጋው በተቀየረ ጊዜ ፓምፑም አብሮ ይቀየር፤ ለማውረድ ያው ሥራ ነው።

ቴርሞስታት ላይ ግን ቆም ብለን መነጋገር አለብን። "ይህ ሙቅ አገር ነው" እየተባለ አውጥቶ መጣል ልማድ ሆኗል። በብዙ ሞተሮች ላይ፣ ቶዮታን ጨምሮ፣ ቴርሞስታቱ ሁለት በር አለው። ሲከፈት ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፣ በታቹ ባለው ዲስክ ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ሞተሩ ውስጥ የሚዞርበትን አቋራጭ ይዘጋል። አውጥታችሁ ስትጥሉት አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል። የፈላው ውሃ በቀላሉ በአቋራጩ ተመልሶ ሞተር ይገባል። "ቴርሞስታት አወጣሁለት፣ ግን ዳገት ላይ ባሰበት" የሚባለው ለዚህ ነው። ቀዝቃዛ ሲሠራ ደግሞ ነዳጅ ይበዛል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል። ቴርሞስታትን መፈተሽ ቀላል ነው። በክር አንጠልጥላችሁ ድስት ውስጥ ታቹን ሳይነካ አስገቡ፣ ከቴርሞሜትር ጋር ቀስ እያላችሁ አሙቁ። ጀርባው ላይ የተቀረጸውን ዲግሪ፣ ለምሳሌ 82 ሲደርስ፣ መከፈት መጀመር አለበት፤ 95 ላይ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። በእኛ ከፍታ ድስቱ 95 ሳይደርስ መንደቅደቅ ስለሚጀምር፣ እንደፈላ የደረሰበትን ለኩ። አውጥታችሁት ሲቀዘቅዝ መዝጋት አለበት። ስትገጥሙት ትንሿ የአየር ማውጫ ቫልቭ ወደ ላይ ትሁን፤ ካልሆነ አየር ይታፈናል።

ውሃው እየጠፋ ከውጪ ምንም ጠብታ የማይታይ ከሆነ ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው የሂተሩ ራዲያተር ነው፤ የተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉን አንስታችሁ በእጅ ዳስሱ፣ መስታወቱ ላይ የሚያጣብቅ ጉም መኖሩን እዩ። ሁለተኛው ቴስታው ነው። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ባስነሳችሁ በአንድ ወይም ሁለት ደቂቃ፣ ገና ሳይሞቅ፣ የላይኛው ቱቦ ድንጋይ ከሆነ ያጠነከረው የውሃው ሙቀት አይደለም፤ ከሲሊንደሩ የሚገባ ጋዝ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲሠራ የማያቋርጥ አረፋ ይወጣል። ማርሚታው ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ጭሱም ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው። ይህንን በሰማያዊው መፈተሻ ፈሳሽ አረጋግጡ፤ የቃጠሎ ጋዝ ሲያገኘው በቤንዚን ሞተር ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቴስታው ከወረደ ጋስኬት ብቻ ቀይሮ መግጠም ይቅር። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ የፈላ ቴስታ ይጣመማል። ቀጥ ያለ ማስመሪያና ፊለር ጌጅ፣ ማለትም ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት፣ አድርጉበት፤ ለብዙ ትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች የሚፈቀደው 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ከሰው ፀጉር የሚቀጥን።

መንገድ ላይ ሙቀት ከጨመረ መጀመሪያ ኤሲ አጥፉ፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻው አብሩት፤ እሱም ትንሽ ራዲያተር ነው። ዳር ያዙና ቁሙ። እንፋሎት ካለ ወይም ቺንጋው ከተበጠሰ ወዲያው አጥፉት። የጌጁ መርፌ ከቀዩ ድንገት ወደ ታች ከወረደ "በረደ" ብላችሁ አትደሰቱ። ሴንሰሩ የሚለካው ፈሳሽ ነው፤ ውሃው ካለቀ ባዶ አየር እያነበበ ነው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታ ይሰነጥቃል። ትኩስ ክዳን የከፈተ ሰው ፊትና እጅ ላይ የሚደርሰውን ለማየት አያብቃችሁ።

መቀየሩ በአጭሩ ይህ ነው። የታችኛውን መክፈቻ ፍቱ፣ ሞተሩ ላይ ማፍሰሻ ቡሎን ካለ እሱንም። በውሃ ሙሉ፣ ሂተሩን ሞቃት ላይ አድርጋችሁ አሠሩ፣ አፍስሱ፤ ጥርት እስኪል ድገሙ። እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስሌት አለ። ትንንሽ መኪኖች በጠቅላላው ከ4 እስከ 6 ሊትር ይይዛሉ፤ ትክክለኛው የመኪናው መጽሐፍ ላይ አለ። አፍስሳችሁም ግን ሞተሩ ውስጥ የማጠቢያው ውሃ ይቀራል። 6 ሊትር የሚይዝ ከሆነ 3 ሊትር ኮንሰንትሬት መጀመሪያ ጨምሩ፣ ቀሪውን በዲስትልድ ውሃ ሙሉ፤ ያኔ ግማሽ በግማሽ ይሆናል። ቀድሞ የተበረዘ ብትሞሉ ይቀጥናል። ከዚያ አየር ማስወጣት ነው፦ አፍንጫውን ከፍ ባለ ቦታ አቁሙ፣ ክዳኑን ክፍት አድርጋችሁ አሠሩ፣ ቱቦዎቹን ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ፣ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የሚጎድለውን ሙሉ። በማግስቱ ማለዳ ደግማችሁ እዩት፤ ያኔ ጥቂት ይጎድላል፣ ያ የተለመደ ነው። በሦስተኛው ቀን ከጎደለ ግን መፍሰሻ አለ።

የባጃጅ ባለቤቶች ራዲያተር የላችሁም፤ የእናንተ ማቀዝቀዣ አየርና ዘይት ነው። የሲሊንደሩን ክንፎች ከጭቃ አጽዱ፣ የፋኑን መከለያ አትጣሉ፣ ዘይት በጊዜው ቀይሩ። ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም ኩላንት አላችሁ፤ የባትሪው ማቀዝቀዣ ግን የራሱ ዓይነት ስለሆነ የሞተር ኩላንት አትጨምሩበት።

አሮጌው ፈሳሽ መንገድ ላይ ወይም ቦይ ውስጥ አይደፋ። ኤትሊን ግላይኮል ይጣፍጣል፤ ውሻና ሕፃን ይልሰዋል፣ ጥቂቱም ኩላሊት ገዳይ ነው። ኩላንት ነው አይደለም ብላችሁ በምላሳችሁ አትቅመሱ። በሃይላንድ ጠርሙስ አስቀምጦ ከውሃ ጎን ማስቀመጥን ደግሞ እባካችሁ ዛሬውኑ አቁሙ። በራሱ ጀሪካን፣ ተጽፎበት፣ ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጥ።

ግቢው ውስጥ ከማታ ጀምሮ ያልተነሳ አንድ ቪትዝ ቆሟል። የላይኛው ቱቦው ቀዝቃዛ ነው። ሲሪንጁንና ባዶዋን ማሰሮ ይዘን እንውጣና ከክዳኑ እንጀምር።